ዓይን አውጣው መርከብ ሠሪ

ልብስ ሰፊዋ እንደምትለው ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ረጅም ወጣት ሱቁ ውስጥ ገባ፤ ሰላም እንኳ ሳይል ካለው መርፌ ሁሉ ቀጭኑን ጠየቀ። ሰጠችው፤ ከፈለ። ከዚያ ከኪሱ ፒንሳ አወጣና እሷ እያየች የመርፌውን ዓይን ቀጭ አድርጎ ሰበረው። ሰብሮም ወደ ብርሃን አንሥቶ ፈገግ አለ። በልብስ ሰፊ ፊት ይህን ማድረግ በሙያዋ ላይ ከማሽሟጠጥ አይተናነስም።

እሱ እንደሚለው ደግሞ ሰላምታ ሰጥቷል፤ እንዲያውም ሁለቴ። የማሽኑ ድምፅ ዋጠው እንጂ። መጀመሪያ የጠየቀውም ደህና መርፌ ሳይሆን ዓይኑ የተሰበረ መርፌ ነው። እሷ «እዚህ ስብርባሪ አንሸጥም» ብላ ፊቷን ስላዞረች ደህናውን ገዛ። ፒንሳውን ከማውጣቱ በፊትም «እዚሁ ብሰብረው ቅር ይልሻል?» ብሎ ጠይቋታል። እሷም ራሷን ነቀነቀች። ራሷን የነቀነቀችው ግን በጥርሷ የያዘችውን ክር ለመበጠስ ነበር።

ሁለቱንም ቃል በተራ የሰሙት የሱቁ ባለቤት፣ የልብስ ሰፊዋ አክስት፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፈረዱ።

«በሁለታችሁም አፍ መርፌው ተሰብሯል» አሉ። «እኔን የገረመኝ ለምን ተሰበረ የሚለው ነው።»

ወጣቱ አንገቱን ደፋ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ለመርከብ ነው።»

«ለምን?»

«ለመርከብ፣ እትዬ።»

ልብስ ሰፊዋን ሳቋ አመለጣት። «የመርፌ ዓይን በሰው ፊት የሚያወጣ ሰው ዛሬ ገና አየሁ! ዓይን አውጣ ማለት እንግዲህ ይኼ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሱቁ ውስጥ ስሙ ዓይን አውጣው ሆኖ ቀረ። ለሚያውቁት ሁሉ ቀልዱ ድርብ ነበር፤ በመንደሩ ከእሱ የባሰ ዓይን አፋር አልነበረምና።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ቀን ማሽኑ እስኪቆም ጠብቆ ነው ሰላምታ የሰጠው። ከጃኬቱ ኪስ የተሰበረችውን መርፌ አወጣ። ሹል ጫፏን በእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ ቀብሮ በኮላ አጣብቋታል። ዓይኗ የነበረበት ጫፍ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ ትንሽ መንታ ጥርስ ሆኗል። ከጠረጴዛዋ ላይ አንድ ክር አነሣ፣ በመንታው መሃል አስቀመጠውና ከሸሚዝ ቁልፍ ቀዳዳ በወዲያ በኩል ገፍቶ አወጣው።

«ጣቴ የማይደርስበት ቦታ ክሩን ይዞ ይገባልኛል» አለ።

«እንዲህ ያለ ዕቃ ሠርቶ የሚሸጥ ሰው የለም?»

«አለ። ከውጭ ነው የሚመጣው፤ በሣጥን ተደርድሮ፣ እጀታው ሁሉ የሚያብረቀርቅ። ሰው የመኪና ፎቶ በስልኩ እንደሚያይ እኔ የእሱን አያለሁ።»

«ታይና?»

«አይና ፒንሳዬን አነሣለሁ።»

ይህን ሲል አላማረረም፤ ጉራም አልነበረበትም። ልክ «ሲርበኝ እበላለሁ» እንደማለት ነው የተናገረው። ልብስ ሰፊዋ የተቀመጠችበትን ወንበር ወደ እሱ አዞረች።

ወጣቱ ኮሌጅ የጨረሰው በንድፍ ትምህርት ነው። ጠዋት ጠዋት ማተሚያ ቤት ወረቀት ይቆርጣል፤ ከሰዓት በኋላ ከሱቁ ጀርባ በተከራያት ክፍል ውስጥ የመርከብ አምሳያ ይሠራል። የአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ሥራ አስኪያጅ አንዱን ሥራውን አይታ ለእንግዳ መቀበያ አዳራሿ የሚሆን ባለ ሦስት ምሰሶ መርከብ አዝዛው ነበር። አካሉ አልቋል፤ ምሰሶዎቹም ቆመዋል። የቀረው ገመዱ ነው። የመርከብ አምሳያ ሲሠራ ሰው የሚያለቅሰው ደግሞ ገመዱ ላይ ነው፤ ከምሰሶ ምሰሶ፣ ከምሰሶ ወለል፣ እርስ በርሱ የሚተላለፍ ስፍር ቁጥር የሌለው ክር።

ስለዚህ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ይሠራ ጀመር። ከልብስ መስጫ መቆንጠጫ ትናንሽ መያዣዎች አወጣ፤ መቆንጠጫውን ፈትቶ እንጨቶቹን ገልብጦ ሲገጥማቸው አፋቸው ቀጭን ይሆናል። ከተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ መንጠቆ ሠራ። አንድ የጥርስ ሐኪም ሊጥለው የነበረውን መፈልፈያ ለምኖ አመጣና ቋጠሮ መፍቻ አደረገው። ክሩ ጸጉር እንዳያወጣ በሻማ ሰም እየጎተተ ያለሰልሰዋል።

«አንድ ነገር ብልህ አትቀየመኝም?» አለችው ልብስ ሰፊዋ፣ ሁሉንም ካሳያት በኋላ።

«በይ።»

«የእጅ መርፌ ለምን ትሰብራለህ? የእጅ መርፌ ዓይኑ ያለው ከኋላ ነው። ለዚህ ነው ጫፉን ቀፎ ውስጥ የቀበርከው፤ ቀጭን ስለሆነም ይወዛወዛል። የማሽን መርፌ እኮ ዓይኑ ያለው ከፊት፣ ጫፉ ላይ ነው። ጭራው ደግሞ ወፍራም ነው። ጫፉን ብቻ ብትቆርጠው መንታው ፊት ለፊት ይሆንልሃል፤ ጭራውም እጀታው ውስጥ ቀጥ ብሎ ይቆማል።»

አያት። የማሽኗን መርፌ አየ። እንደገና እሷን አየ።

«ይህን ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትናንት ስድብ ላይ ነበርኩ።»

አክስቷ ከውስጥ ሆነው ሲስቁ ተሰሙ።

ከዚያ ወዲህ የጎበጠ የማሽን መርፌ ከሱቁ አይጣልም። እሱም ውለታዋን ሳይመልስ አልቀረም። ልብስ ሰፊዋ ቀጫጭን የቀሚስ ማንገቻ ከሰፋች በኋላ ገልብጦ ማውጣት እንደሚያስመርራት አይቶ፣ ከዚያው ከጃንጥላ ሽቦ ጫፉ እንደ ዓሣ መንጠቆ የታጠፈ ረጅም መሳቢያ ሠራላት። ማንገቻው ውስጥ አስገብታ፣ ጨርቁን አስነክሳ ስትስበው በአንድ ትንፋሽ ተገለበጠ። እሷም «ወይ ጉድ!» ብላ በደስታ እጁን ያዘችው። ከያዘች በኋላ ነው እጁን እንደያዘች ያወቀችው። ቶሎ አለቀቀችውም።

ክፍሉ ጠባብና ጨለማ ስለነበረ አንድ ቀን መርከቡን ተሸክሞ መጣና የመቁረጫ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ መስኮቱ አጠገብ እንዲያስቀምጥ አክስቷን ለመነ።

«ይኸው ሱቄ ውስጥ መልሕቁን ጣለ» አሉ አክስቷ። «ባሕሩ ነው የቀረን። በሉ ጠመኔና መቀሴን አትንኩብኝ እንጂ ሌላው የእናንተ ነው።»

ከሰዓት በኋላው ሁሉ እንዲህ ሆነ። እሷ አቀርቅራ ስትሰፋ እሱ ያስራል፤ ሥራ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ክሩን ትይዝለታለች። መጀመሪያ ሰሞን በመካከላቸው የሚዘረጋው ክር ረጅም ነበር። እያደር እያጠረ ሄደ። የሚያሳጥረው ማን እንደሆነ ሁለቱም አልጠየቁም።

«እዚህ ጋ ወጥሪው» ይላታል።

«በዛ?»

«አልበዛም። ትንሽ ጨምሪ። እሺ፣ እንዳትተነፍሺ።»

«ለክሩ ነው ወይስ ላንተ?»

ጆሮው ይቀላል።

አንድ ከሰዓት ግን ሥራውን ሳይጀምር ቁጭ ብሎ ቆየ። «ጋሼ ደውሎ ነበር» አላት።

ጋሼ የሚለው ታላቅ ወንድሙን ነው። አባታቸው ከሞቱ ጀምሮ ያሳደገውም ያስተማረውም እሱ ነው። ሌላ ከተማ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፤ ታናሹ አብሮት እንዲሠራ ከጠየቀው ቆይቷል። በመጨረሻ በስልክ የተስማሙት እንዲህ ነው፦ ታላቅየው በርክክቡ ቀን ይመጣል፤ መርከቡን በዚያ ቀን ተረክበውት ከሄዱ ሁለተኛ ቃል አይተነፍስም፤ ካልተረከቡት ግን ታናሹ ሻንጣውን ይዞ አብሮት ይሄዳል።

«እሺ አልከው?» አለች።

«እሺ አልኩት። መርከቡ እንደሚያልቅ አውቃለሁ።»

«ከተማው ሩቅ ነው?»

«ሩቅ ነው።»

«ይለቃላ እንግዲህ፤ ምን ችግር አለ» አለች፣ «ያልቃላ» ማለቷ ነበር። ከዚያም ወደ ማሽኗ ዞራ የአንድ ሙሉ ቀሚስ ጠርዝ በግልባጩ ሰፋች።

መርከቡ አለቀ። ሥራ አስኪያጇ ልትመጣ በቀጠረችበት ዋዜማ እሱ ጠዋት እንደ ልማዱ ማተሚያ ቤት ነበር፤ አክስቷም ጨርቅ ሊገዙ ወጥተዋል። ልብስ ሰፊዋ ብቻዋን ሻይዋን ይዛ መርከቡ ፊት ቆመች። ከላይ እስከ ታች አየችው። ያምራል። ዓይኗ ግን አንድ ነገር ላይ አረፈ፤ ከፊተኛው ምሰሶ የተንጠለጠሉት አንዳንድ ገመዶች ላልተዋል።

ልብስ ሰፊ ላላ ያለ ክር አይታ አታልፍም። ያየችው ክር ሁሉ ወይ ይጠብቃል ወይ ይተረተራል። «ደክሞት ነው» አለች በልቧ። ራሷ የፈለሰፈችውን መንታ አነሣችና፣ ሲመጣ ደስ ይበለው ብላ፣ አንድ በአንድ ታጠብቃቸው ጀመር። እጇ የሰለጠነ ነው፤ ሥራውም ቀላት። የመጨረሻውን የቀሚስ ወገብ እንደሚሰበሰብ ሳብ አደረገችው።

ምሰሶው ቀጭ አለ።

ወጣቱ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ማሽኗ ላይ ጨርቅ አልነበረም። እሷን አየ፣ መርከቡን አየ። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። ጎንበስ ብሎ የተሰነጠቀውን ምሰሶ በጣቱ ዳሰሰ፤ የጠበቁትን ገመዶች ተራ በተራ ነካ። ከዚያ አንዲት ቃል ሳይናገር ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ።

አክስቷ ሲመለሱ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው።

«ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«ምንም ማለት ምንም ነው። ከራስሽ ፍርድ አትጨምሪበት። ሂጂና ጠይቂው።»

የክፍሉ በር ክፍት ነበር። መስኮቱ ሥር ቁጭ ብሎ ቀጭን የቀርከሃ ስንጣሪ በሞረድ ይስላል። በሩ ላይ ቆመች።

«ልትሰድበኝ ትችላለህ» አለች።

«ለምን?»

«ዝምታህ ከስድብ ስለሚብስ።»

ቀና አለ። «እኔ እኮ እያሰብኩ ነበር።»

«ስታስብ ፊትህ ይፈርዳል። ይህን የነገረህ የለም?»

ሳቀ። የእሷ ዓይን ግን እንባ አቅርሮ ነበርና ሳቁን አቋርጦ ተነሣ።

«ስሚኝ። የቱ ገመድ መጥበቅ እንዳለበት ስነግርሽ ከረምኩ። የቱ መላላት እንዳለበት ግን አንድም ቀን አልነገርኩሽም። ሁሌ ‹ወጥሪ፣ ጨምሪ› ነው የምልሽ።»

«በመርከብ ላይ የሚላላ ገመድ ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም፤ ለዚህ ነው የሚላላው። መርከቡ ወደብ ገብቶ ሸራው ሲጠቀለል አንዳንዱ ገመድ ሥራ ስለሌለው ዝም ብሎ ይንጠለጠላል። እኔ የሠራሁት ያረፈ መርከብ ነው።»

ግንባሯን በእጇ መታች። «እንዴት ጠፋኝ! ልብስም እኮ እንዲሁ ነው። ብብቱ ሥር ካላላሉለት ሰው እጁን አያነሣም። ለደንበኛ ሁሉ የምነግረውን ነገር!»

«እንግዲያው ሁለታችንም የምናውቀውን ነው ያልተነጋገርነው» አለ።

 

«በምን ይድናል?» አለች ወደ ስንጣሪው እያየች።

«ምሰሶውን ነቅሎ አዲስ ማቆም ገመዱን ሁሉ ማፍረስ ነው፤ ለነገ አይደርስም። ግን ባሕር ላይ ምሰሶ ሲሰነጠቅ መርከበኞች በግራና በቀኝ እንጨት ደግፈው በገመድ ይጠመጥሙታል። እስከ ወደብ ያደርሳቸዋል።»

«እንደ እጅ ስብራት።»

«ልክ እንደ እጅ ስብራት።»

እጅጌዋን ሰበሰበች። «መጠምጠሙን ለእኔ ተወው። እዚህ ጋ ግን መጥበቅ አለበት አይደል?»

«እዚህ ጋ ምንም አትዘኚለት።»

የቀረውን የቀን ብርሃን በሙሉ ሱቁ ውስጥ በዚህ አሳለፉ። እሱ ስንጣሪዎቹን ከምሰሶው ጋር አጣብቆ ይዞ፣ እሷ በሰም የተለሰለሰውን ክር አንዱን ዙር ከአንዱ ሳታደራርብ ጠመጠመች። ጣቶቿ በጣቶቹ ላይ እያለፉ ይመላለሳሉ። አንዴ ቀና ስትል ዓይኑ እሷ ላይ ነበር፤ እንደ ልማዱም አልሸሸም።

«ነገ ባይወስዱትስ?» አለችው በሹክሹክታ።

«ለጋሼ ቃል ሰጥቻለሁ» አለ። 

ታላቅየው በማግስቱ ረፋድ ላይ ከአውቶቡስ ወርዶ በቀጥታ ሱቁ ገባ። ድምፁ ከፍ ያለ፣ እጁ ሰፊ፣ ሳቁ ቅርብ የሆነ ሰው ነው። አክስቷን «እንደምን አደሩ፣ እትዬ» ብሎ ከወንበራቸው ሳያስነሣ ጎንበስ ብሎ ሳማቸው፤ ወንድሙን ትከሻውን መታ መታ አደረገው፤ መርከቡንም ዞሮ ዞሮ አየና «እውነቴን ነው፣ ይኼን ያህል አልመሰለኝም ነበር» አለ። ሥራ አስኪያጇ ስትመጣ ደግሞ የራሱ ዕቃ ሊሸጥ እንደሆነ ሁሉ ሸሚዙን አስተካከለ።

ሥራ አስኪያጇ መርከቡን በጥንቃቄ ተመለከተች። ፊቷ በደስታ በራ። የተጠመጠመው ምሰሶ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄ ጌጥ ነው?»

ታላቅየው ወንድሙን በዓይኑ ጠቀሰው፤ «ጌጥ ነው በል» እያለው ነበር።

«አይደለም» አለ ወጣቱ። «ተሰበረና ነው። እውነተኛ መርከብ ላይ ሲሰበር እንደሚጠገነው አድርገን ጠገንነው።»

ሥራ አስኪያጇ ትንሽ አሰበች። «ሥራህን ወድጄዋለሁ፤ እውነት መናገርህንም እንደዚያው። ግን ደንበኞቼ ቲኬት የሚቆርጡት እዚህ መርከብ ሥር ቆመው ነው። የተሰበረ ነገር የታሰረበት መርከብ እያሳየሁ ‹መልካም ጉዞ› ልበላቸው?»

አክስቷ እንኳ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«ምሰሶውን ቀይረህ ጥራኝ፤ ያኔ እወስደዋለሁ» ብላ እጁን ጨብጣ ወጣች።

 ታላቅየው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም፣ ወንድሜ። ግን ቃላችን ለዛሬ ነበር። ሻንጣህን አዘጋጅ።»

ወጣቱ ወለሉን ያያል።  ልብስ ሰፊዋ ግን ከማሽኗ ተነሣች።

«አንዴ ይስሙኝ» አለች። «እሱ ሥራውን በቀኑ ጨርሶ ነበር። ምሰሶውን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«እሱ እንዲህ አላለኝም።»

«አይልዎትም። ለሴትየዋም ‹ተሰበረ› ነው ያላት። ማን ሰበረው ብትለው አሁንም ‹ተሰበረ› ነው የሚላት።»

ታላቅየው ወንድሙን አየና ራሱን ነቀነቀ። «ታዲያ ምን ይሁን? ሱቄ ሰው ይፈልጋል። እሱን ትቼ አንቺን ልውሰድ?»

ለቀልድ ነበር ያለው።

«ይውሰዱኝ።»

የአክስቷ መቀስ ጨርቁ መሃል ቆመ።

«ምን?»

«ምሰሶውን እኔ ሰበርኩ፤ አዲሱ እስኪቆም እኔ እርስዎ ሱቅ እቆማለሁ። ብሎንም የሸሚዝ ቁልፍም ያው ነው፤ መጠኑን መለየት ነው።»

ታላቅየው ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እሺ፣ ወሰድኩሽ እንበል። ደንበኞቼ ‹ይቺ ልጅ ምንህ ናት?› ሲሉኝ ምን ልበል? ሠራተኛዬ ናት እንዳልል ባለሙያ ነሽ፤ ብሎን ልታነሺ እንዳልመጣሽ ከእጅሽ ያስታውቃል። እህቴ ናት እንዳልል እህት እንደሌለኝ ከተማው በሙሉ ያውቃል። እስቲ አንቺው ንገሪኝ፤ ምኔ ናት ልበል?»

 ፊቷ ጋለ፤ እጇ የማሽኑን ጎማ ያዘ።

«የወንድሜ ሚስት ናት በላቸው።»

ሁሉም ዞረው አዩ። የተናገረው ዓይን አፋሩ ነበር። ድምፁ ከፍ ባይልም ጥርት ያለ ነበር፤ ዓይኑንም ከእሷ ላይ አላነሣም።

«እሷ እሺ ካለች» ሲል ጨመረ። «ካላለች ሻንጣዬን አዘጋጃለሁ።»

አክስቷ መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «አንቺስ፣ ልጄ? እንደው ምን ትያለሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ወጣቱን አየችው። በመካከላቸው አንድ እርምጃ ብቻ ነበር፤ እሱን ተራመደችና አጠገቡ ቆመች። ከዚያ ወደ ታላቅየው ዞረች። ከእንግዲህ የባሏ ወንድም ነውና ስትናገር «እርስዎ» ማለቷን ትታ ነበር።

«ሰምተሃል፣ ዋርሳዬ። እኔ እሺ ብያለሁ። ቃል የገባልህ ላጤው ወንድምህ ነው፤ ይኼኛው ግን እኔን ሳያማክር የትም አይሄድም። እኔ ደግሞ መርጫለሁ፤ ሁለታችንም እዚሁ ነን፤ አንተም ዛሬ አውቶቡሱን ትተህ ከእኛ ጋር እደርና አዲሱን ምሰሶ ስናቆም ጫፉን ያዝልን።»